የእጅ ነገር

የማርች የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ በረዶው ጭቃ ልሁን ሲል፣
ቬርሞንት፣ ከካናዳ ድንበር መለስ ብሎ አንድ ማይል፣
በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣
መቶ አሥር ባለ ድምፅ ተሰብስቧል፣ ስለ ገንዘብ ሊማከር።
እኔም አለሁ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ኮቴን ጭኔ ላይ አድርጌ፣
አርባ ዓመት የሸሸሁትን ስብሰባ ዛሬ በእግሬ ፈልጌ።

ይሄ እጅ፣ ይሄ ጠባሳው የቀረበት፣
ብዙ መንግሥት አይቷል፤ ሁሉም የየራሱን ሥራ ሰጥቶት።

አባቴ የንጉሥ ዘመን ሰው፣ እጅ ሲነሣ ነው የኖረው፤
ስለ አንድ ቁራሽ መሬት ሰባት ዓመት ደጅ የጠናው።
መልሱ «እስቲ ይታያል» ነበር፤
ዛሬም ይታያል፣ ከነመዝገቡ፣ አንድ ቦታ ተቀብሮ በአቧራ ሥር።

«እጅ መንሣት ቀርቷል» አሉን ለኛ፣ «አሁን እጅ ማንሣት ነው!»
ግራውን፣ ጨብጠን፣ ወደ ጣሪያ። ቀኙን ማን አስታወሰው።
ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ በአንድ እስትንፋስ፣
«ተቃውሞ? ተዓቅቦ? የለም! በሙሉ ድምፅ!» ብሎ ሲጨርስ፣
ጎረቤቴ ጌራወርቅ ብብቱን ሊያክ ነበር ክንዱን ያወረደው፤
«የት ጋ ነው ያሳከከህ?» ሲባል፣ ሦስት ወር ነው የከረመው።

ከዚያ ሌላ መጣ፤ «እጅ ወደ ላይ!» አለን፣ ሁለቱንም፤
ቀጥሎ ጣት ብቻ ፈለጉ፤ ቀለም ነከርንበት አውራውንም።
ቀለሙ በሳምንቱ ለቀቀ። ሰዎቹ ግን አልለቀቁም።

እዚህ ሎርና ፔተንጊል ናት ዳኛዋ፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህር፤
እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ረድፍ በረድፍ እጅ ስትቆጥር።
አርባ ሁለት ሺህ ዶላር አለ፤ ወይ አዲስ የበረዶ መጥረጊያ፣
ወይ የኔ ባለ አሥራ ሁለት ወንበር፣ የበሽተኛ ክሊኒክ መሄጂያ።
ኤቨረት ዱቲል፣ ባለ ላሞቹ፣ ተነሥቶ እጅ እግር የሌለው ነገር አወራ፤
ስለ ሰባ ስምንቱ በረዶ፣ ስለ ሞተችበት ጊደር፣ ስለ ዳገቱ መከራ።
ማንም «ተቀመጥ» አላለውም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።
አንዲት ልጅ እግር «ተሳስተሃል፣ ኤቨረት» ስትለው፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

በጎን በኩል አግዳሚ አለ፣ ድምፅ የሌላቸው የሚቀመጡበት፤
ዲልማያ ዳር ላይ ናት፣ ለኩላሊቷ የማደርሳት ሦስቴ በሳምንት።
ቡታን ነው አገሯ፤ አንድ ቀን በመስተዋቱ እያየችኝ፣
«ንጉሣችን ደግ ነው ይላሉ፤ ሕዝቡን ሲያስቆጥር፣ እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ» አለችኝ።
አሁን የንጉሥ መልክ ያለበትን የካናዳ ሳንቲም በጣቷ ታሽከረክራለች፤
«ይሄኛውስ ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር፣ «ኪስ ውስጥ ይገባል» እያለች።

«መጥረጊያውን የሚደግፍ?» አለች ሎርና። ሃምሳ ሰባት።
«የሚቃወምስ?» አለችና ጠበቀች። ጠበቀች! ያለ ችኮላ፣ ያለ ቁጣ ፊት።
እኔ የድሮ አመሌ ነውና፣ አስቀድሜ የሰዉን ክንድ አየሁ፤
ከዚያ ቀኝ ይሁን ግራ ግራ ገብቶኝ፣ እንደ ምንም አወጣሁ።
እርሳሷ ወደኔ ዞረች፤ «ሃምሳ ሦስት»፤ የመጨረሻው እኔ ነኝ።
በዕድሜዬ ቁጥር ስሆን የመጀመሪያዬ ነው፤ ተሸንፌም ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ከበሩ አላለፈም፤
አራት እጅ ነው የጎደለን። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ነበር፤ ማንም አልቆጠራቸውም።

ምሳ ላይ ኤቨረት ባቄላ ጨለፈልኝ፤ «የዛሬ ዓመት እንደገና ሞክሩ» አለ።
ክፉ ሰው አይደለም፤ የዲልማያ ኩላሊት ግን መቼ የዛሬ ዓመት ያውቃል፣ ሐሙስ እያለ።
ንጉሡ «ይታያል»፣ ሊቀመንበሩ «የለም»፣ እዚህ ደግሞ ተቆጥሮ «አነሰ»፤
ልዩነቱን አውቃለሁ፣ እምልበታለሁ፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰ።

በጁን መጨረሻ፣ ገንዘቡ ባለቀበት ሐሙስ ጧት፣
ከዱቲል ጎተራ መታጠፊያ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ አየኋት።
ሌላ ጊዜ ሳትጠራኝ ነበር የምቆመው፤ ያን ቀን ግን ከመንገድ
ቀኝ እጇን አነሣች፣ ቀጥ አድርጋ፣ እንደ አዳራሹ ሰው።
አየሁ። ቆጠርኩ። አንድ።
ፍሬኑን ያዝኩ።