ቤት ያልመታ

"ሚስማር እንዳትመቺ" — የመጀመሪያ ቃሏ ይኸ ነበር፣
ቁልፉን እየሰጠችኝ፣ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር።
"ካውያ አይሰካም። ውሃ በሁለት ቀን ነው፣ በጀሪካን ይጠበቅ፤
እንግዳ የሚያድር ከሆነም ቀድሞ ይታወቅ።"
እሺ አልኩ። እሺ ማለት ለምዶብኛል፤
ዘጠነኛ ቤቴ ነው፣ አፌ ከእግሬ ቀድሞ ይገባል።

የሠርጋችን ፎቶ ሻንጣ ተደግፎ
አሥራ አንድ ዓመት ቆመ፣ ጠርዙ ተሸርፎ።
ከጎኔ ያለው ባለቤቴ ነው፤
ሰው ሲጠይቀኝ እንዲያ ነው የምለው፤
ባለ ቤቴ።
እሱም እኔን እንዲሁ።
ሁለት ባለቤቶች፣ አንድ ክፍል፣ አራት ብሎን ያለው አልጋ፣
ብሎኖቹ ሲፈቱ የሚገቡባት አንዲት የስኳር ጣሳ፣
ስንገባ የምትቀመጥ፣ ስንወጣ ቀድማ የምትነሳ።

ደላላው ሂርጳ ያመጣን ቀን፣
"ቤት አይደለም ይሄ እቴ፣ ዕድል ነው" አለን፤
የስድስት ወር ቅድሚያ፣ የእሱን ሳይጨምር።
አንተስ የት ትኖራለህ? አልኩት፣ ብሩን ሲቆጥር።
"እኔማ... እህቴ ጋ" አለ። "ለጊዜው።"
ቆጠራው ጠፋበት፤ ከመጀመሪያው ጀመረው።

በጥር ጨመረች። በሰኔ ጨመረች።
"እኔ መች ጨመርኩ፣ ገበያው ነው እንጂ" አለች።

ገበያውን አላውቀውም።
የማውቀው የቅዳሜውን ነው፣ ሽንኩርቱ በመደብ ተቆልሎ፣
"ተወደደ" ብዬ ፊቴን ሳዞር፣
"ነይ ነይ፣ ነይ እንጂ፣ ምን ያጣላናል!" የሚለኝን፣ በድምፁ ተከትሎ።
ይሄኛው ግን ስሄድ ጀርባዬን ቢያይ
አይጠራኝም።
ደጅ ቆሟል ሌላ ተከራይ።

ማታ፣ በጋራው ላይ ሲዞሩ እነዚያ ባለ ክንፍ ነጫጭ ግንዶች፣
ነፋሱ ወርዶ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ "ቤቶች! ቤቶች!"
ማናችን "ደጆች" እንበለው?
ዝም እንላለን። ይሄዳል፣ ይመለሳል።

በአስፋልቱ ዳር አዲሱ ሆቴል፣ ስምንት ፎቅ፣
ስብሰባ ሲኖር ይበራል፣ ሳይኖር ጨለማ።
"እዚህ ማን ይኖራል?" አለች ልጄ ሲፈን።
እንግዳ።
"እንግዳው ሲሄድስ?"
ባዶውን ያድራል።
"ታዲያ..." ብላ ተወችው።
ቤት ለእንግዳ ያሉ ሰዎች ይሄን ያሰቡ አይመስለኝም።
ትምህርት ቤትም "ቤታችሁ የት ነው?" ቢሏት
"የአሁኑ?" ብላ መለሰች፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት።

አንድ ሌሊት ውሃ ልለምን ወደ ጓሮ ዞርኩ።
ወይዘሮ ሸጊቱ ማድ ቤት ተኝታለች፣
በጋዝ ሲሊንደሩና በከሰል ጆንያው መሐል ተጣብቃ።
ሳሎኑን ለብድርና ቁጠባ ቢሮ አከራይታ፣
መኝታ ቤቶቹን ለእኛና ለእኛ ቢጤ፤
የልጇ ኮንዶሚኒየም ክፍያ አለበት፣ በየወሩ ትልካለች።
"ሳሎን አንዲት ሚስማር አለች" አለችኝ ሳልጠይቃት፣
"ባለቤቴ ነው የመታት።
ፎቶው የእሱ ነበር። አሁን ካሌንደር ሰቅለውባታል።"
ውሃዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ግማሹ በመንገድ ፈሰሰ።

ተማሪ ሳለሁ ግጥም እጽፍ ነበር።
ጋሽ ምህረቱ በቀይ እያሰመሩ፣
"ይሄ ቤት አልመታም፤ አስተካክይው" ይሉ ነበር።
ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አልመታልኝም፤
መስመሩን ስጀምር ኪራዩ ይጨምራል፣
ስጨርሰው ሌላ ሰፈር ነኝ።

ዛሬ አልጋውን ፈታን። ጋሪው ደጅ ቆሟል፣
ፈረሱ አንገቱን ይነቀንቃል።
ብሎኖቹን ጣሳው ውስጥ ቆጠርኩ። ሦስት።
ሰሞኑን ያንቋርር የነበረው ለካ ለዚህ ነው።
አራተኛው ከበሩ ጀርባ፣ በብሎኬቱ ስንጥቅ ተሰክቷል፣
በሲፈን ቁመት ልክ።
የደብተር ቦርሳዋን ታንጠለጥልበት ኖሯል።

አላወጣሁትም።
አልጋው በሦስት ይቆማል።