ከብየዳው አጠገብ

ዝገት አመል አለው፤ ሠላሳ ዓመት አየሁ፣
ቀለም ፍቄ፣ ሞርጄ፣ በይጄ መነሻውን ለየሁ፤
ከላሜራው መሃል አይነሣም ከቶ፣
ከብየዳው አጠገብ ነው፣ ከተጠገነው ቦታ ተጠግቶ።

አራት ዓመት ሆነው ከግራ መንጋጋዬ ቆርጠው ካወጡልኝ፤
ጨረሩ ምራቄን እንደ ኮዬ ፈጬ ቧንቧ በፈረቃ አደረገልኝ፦
ሌሊት ጠብ ይላል፣ ቀን ይጠፋል።
አልጣሽ ግን «ዋናው አለህ» ትላለች፣ «ሌላው ያልፋል።»

ዕቁብ ሲደርሰኝ ጣሪያውን ትቼ ጥርሴን አሰብኩ፣
የሰው በር ስበይድ ኖሬ ሁለት ብሎን በአጥንቴ አስተከልኩ።
«ቲታኒየም ነው» አለች ሐኪሟ፣ «አይዝግም።»
እውነቷን ነው። ብረቱ እስከ ዛሬ አልዛገም።

ያን ሰሞን ቱሉ ዲምቱ፣ ከሲኖትራኩ ጥሩምባ መሃል ቆሜ
ሸንኮራ በጥርሴ ላጥኩ፣ እንደ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜ፤
ውኃው በአገጬ ወረደ። አልጠረግሁትም።

ከዚያ ነው ደሙ። ቡሩሹ ላይ፣ ቀጭን ክር።
«ድድህ ተቆጥቷል» አሉኝ፤ መጉመጥመጫ፣ ክኒን፣ ቀጠሮ ለሌላ ወር።
ብሎኑ ሥር አንድ ነገር፣ እንደ ኖራ የነጣ፣
ስነካው አላመመኝም፤ ያኔ ነው ፍርሃቴ የመጣ።
«ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት» ልላችሁ አሰብኩ፣
በየትኛው ጥርስ እንደሆነ ግን እኔም አላወቅኩ።

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» ይባላል፤
አባቴ ስለ ወሬ ነበር የሚተርተው፣ ስለ ሥጋ እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ናሙናው ሄደ፣ ወረቀቱ መጣ።
ዶክተር ሰምሃል ዝም ብላ አገላብጣ
ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ፦
ሁለት ነጭ ብሎን፣ ቀጥ ብለው የቆሙ። ዙሪያቸው ጥላ።
ስሙን ሳትጠራው «ተመልሷል» አለችኝ።

«ብሎኑ ነው ያመጣው?»
«እንጃ፤ የድሮ ሰፈሩ ነው። ብሎኑ ነው ጎረቤት የሆነው።»

እንግዲህ ከነአጥንቱ፣ ከነብሎኑ ይወጣል፤ ከእግሬ ቆርጠው ይተካሉ አሉ።
ቱቦ በቱቦ መቀጠል ነው፤ የሚይዝ አለ፣ የማይዝም አለ፣
ሁለቱንም እጆቼ ያውቃሉ።
«ብሎኖቹን ግን ይስጡኝ» አልኳት።
ሳቀች፣ ወዲያው ሳቋን በእጇ ያዘች።

ለአልጣሽ ገና አልነገርኳትም።
ዛሬ የሙስጠፋን የግቢ በር ስጨርስ መሸ፤
ከሜዳው ማዶ ያላለቁት ፎቆች በዓይነ ስውር መስኮት ያዩኛል።
መነጽሬን አውልቄ፣ ብየዳው እስኪበርድ ጠብቄ፣
አንቲረስት ቀባሁበት። ሁለት እጅ። ሦስት እጅ።
«ኧረ ይበቃል፣ ጌጡ!» አለኝ፣ ገንዘቡን በእጁ ይዞ።
«ቆይ» አልኩት።
«እዚህ ጋ ነው።»