ጠጋ በል

ዊኒፔግ ላይ ጥር ነው፤ ማሞቂያው ያንጎራጉራል፣
የሃያ ሦስት ልጅ ጓንት ከላዩ ተሰጥቶ ይደርቃል።
ሰሌዳው ላይ ጽፌያለሁ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ሠላሳ ስምንት ሲደመር ሃያ አንድ።
«አትሥሩት» አልኩ፣ «ገምቱት እንጂ፤ ለጊዜው ልክ የለም።»

እዚህ አገር ቁጥርን «ክብ አድርጉት» ይላሉ፤
እኔ ባደግሁበት ቋንቋ ግን ቁጥሮች ይጠጋጋሉ።
በሚኒባስ የኋላ ወንበር አራተኛ ሰው ሲመጣ
ጠጋ ጠጋ ይባላል፤ ቦታ ከየትም ይውጣ።
ሠላሳ ስምንት፣ ጠጋ በል፤ አርባ ጎረቤትህ ነው፤
ሃያ አንድ፣ አንተም ወደ ሃያ፤ አንዷን ለጊዜው ተው።

ጄሪክ ግን ከኋላ ተርታ፣ በጣቱ፣ ከዴስኩ ሥር፣
ልኩን ይቆጥር ነበር፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ በምሥጢር።
«ስልሳ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ሃምሳ ዘጠኝ ሲወጣለት
ደነገጠ። ስልሳዋን በላጲስ ፈግፍጎ አጠፋት፣
«ግምት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ሃምሳ ዘጠኝ ተካባት፤
ወረቀቱ ሳስቶ ሳስቶ ለመቀደድ ጥቂት ቀረው።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት። «ስህተት ነበር» አለኝ።
ሰባት ዓመቱ ነው። ከየት እንደተማረው ገረመኝ፤
እጄ ላይ ያለውን ቀይ እስክሪብቶ አየሁና
አልገረመኝም።

መቀነስ ላይ ደረስን። ሃምሳ ሁለት ሲቀነስ አሥራ ዘጠኝ።
ጄሪክ በሙሉ ልቡ «አርባ ሰባት!» አለኝ፤
ከዘጠኝ ሁለት አንስቶ፣ ከአምስት ደግሞ አንድ፣
ማን ከላይ ማን ከታች ሳይል፣ በቀናው መንገድ።
አላረምኩትም።
«ሃምሳ ዶላር ይዘህ ለጫማ ሃያ ብትከፍል?»
«ሠላሳ።» ሲል አፉ ላይ ቀረች።
አርባ ሰባቱን አየው፣ ቤት ተሳስቶ የገባ እንግዳ እንደሚታይ፣
«ይሄ እኮ በጣም ሩቅ ነው» አለ፤ ማንም ሳይነግረው ላጲሱን አንስቶ
ሠላሳ ሦስት ጻፈ፣ ሠላሳዋን ከጎኑ ሳይነካ ትቶ።

ደወል። ውጭ ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን ነው።
ኮፍያ፣ ቡት፣ የማይዘጋ ዚፕ፤ እነሱ ግን ብርዱን መች አዩት፣
እየጮሁ ወጡ፣ ጊዜው ሲያልቅ እየጮሁ ገቡ።

በሩን ይዤ ቆሜ ዐይኔ «ወደ ሃያ ገደማ» አለኝ፤
እጄ ግን መዝጋቱን እምቢ አለኝ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ኮፍያ በኮፍያ እየነካሁ፣
እንደ ጄሪክ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ቆጠርሁ።
ሃያ ሁለት።

ከበረዶው ክምር ጀርባ አንድ እጁ በኪሱ፣ ሌላው በአፉ፣
የጠፋ ጓንት ፈልጎ ሲያጣ ቀልተው አፍንጫና ጆሮው፣
ጄሪክ ቀስ እያለ መጣ።

«ጠጋ በል» አልኩት በአማርኛ። ቋንቋው ሳይገባው ተጠጋ።
ሃያ ሦስት።
በሩ ያን ጊዜ ተዘጋ።