እግር ጥሎኝ

እግር ጥሎኝ ነበር ሶሐር የመጣሁት፣
ላንድ ዓመት ብዬ ነው ዐሥራ ሦስት የቆየሁት።
የውሃ ቦቴ ነዳሁ፣ ሃያ ሺህ ሊትር ጭኜ፣
ፍሪሲዮን በግራዬ፣ ፍሬን በቀኜ፤
አንዲት ጠብታ ሳትፈስ
ከመሙያ ጣቢያው እስከ ሠራተኛው ካምፕ ድረስ።

የባቲን ጠመዝማዛ በሁለተኛ ማርሽ የወረደ እግር
ሜዳ ይጥለዋል ብሎ ማን ይጠርጥር?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቱቦውን እንደያዝኩ፣
ፀሐይ ነው ብዬ ጥላ ፈለግኩ።
ጥላው ግን ቀደመኝ፤ በግራዬ በኩል ገባ።
ቱቦው ከእጄ ወድቆ እንደ እባብ ተገላበጠ፤
ውሃው አሸዋ ላይ ሲባክን እያየሁ
"ዝጉት!" ልል ነበር፤
ምላሴ ግን የሰው ነበር።

በኛ ቀዬ ቢሆን "ጥላ ጣለው" ይባላል።
እዚህ ስትሮክ አሉት፤
በዐረብኛም፣ በኡርዱም፣ በምልክትም አስረዱኝ።
ለዘይነባ ግን በስልክ
"እግሬን ወለም አለኝ" አልኳት።
"ወጌሻ አገኘህ?" አለችኝ።
"አግኝቻለሁ።"
ይቺን እንኳ አልዋሸሁም።

ወጌሻዬ ሺጂ ትባላለች፣ አገሯ ኬረላ፣
ቁመቷ ከትከሻዬ በታች፣ ጉልበቷ ግን ሌላ።
በሁለት የብረት አግዳሚ መሐል አቁማ
"ያላ፣ ባባ እንድሪስ!" ትለኛለች።
መንገዱ አራት ሜትር ነው።
አራት ሜትር!
ለአራት መቶ ኪሎ ሜትር ቁርስ እንኳ የማልበላ ሰው።

ግራ እግሬ ግራ ገባት።
ዳሌዬ ሲያዛት ጉልበቴ ላይ ታኮርፋለች፤
መኖሪያ ፈቃዷ እንዳለቀ ሰው
ብርድ ልብስ ውስጥ ትደበቃለች።
ባትሪው እንደሞተ መኪና ገፋኋት፤ አልተነሣችም።
እንደ ለገመች በቅሎ ሰደብኳት፤ አልሰማችም።
በመጨረሻ ለመንኳት፤
"እግሬ አውጪኝ" አልኳት።
ሰው ሲሮጥ ብቻ የሚላት ይመስለኝ ነበር፤
ለካስ ቆሞም ይባላል።

አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ
"ፍሪሲዮን ርገጪ" አልኳት።
ሺጂ አልገባትም። እግሬን ግን ገባት።
አውራ ጣቴ ተነቃነቀች፣
ቀዝቃዛ ሞተር በጧት አንዴ እንደሚስል፤
ከዚያ ጸጥ።
ግን ስሏል። ሰምቻለሁ።

ሐምሌ ወበቁን ይዞ መጣ፤
መስኮቱ እንኳ የሚያልብበት ወር።
የክፍል ጓደኛዬ ጉልዛር፣ የፔሻዋሩ፣ የክሬኑ ሾፌር፣
ከሥራ ሲመለስ ጫማዬን ያስርልኛል፤
ሲያስር ቀና ብሎ አያየኝም፣
እንዳላፍር።

ካልጋዬ እስከ ውሃ ማቀዝቀዣው ዐሥራ አንድ ርምጃ ነው።
በደህናው ጊዜ ማን ይቆጥረዋል!
አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣
ቁርጭምጭሚቴን በፕላስቲኩ ቅርፊት ጠፍሬ፣
ከዘራዬን ካልጋው አስደግፌ፣
አንድ። ፍሪሲዮን።
ሁለት። ማርሽ።
ሦስት ላይ ጣቴን ምንጣፉ ያዘው፤ ዓለም ዘመመ።
ግድግዳ ጥሩ ሰው ነው፣ ቆመልኝ።
ስድስት ላይ ላቡ ዓይኔ ገባ።
ሰባትን የዘለልኳት ይመስለኛል።
ዐሥራ አንድ።

ጉልዛር በር ላይ ሆኖ በቋንቋው ጮኸ።
ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።
ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጢሜ ሸብቷል፤
ያለው ግን "ወፌ ቆመች" ነው፤
ሌላ ምን ይባላል?

ኩባያዬን ሞላሁ። ዞርኩ።
ሲወጣ የማያጥር መንገድ ሲመለስ ይረዝማል።
እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ጠብ ይላል፤
ጠብታ የማላፈሰው ሰውዬ
ከኋላዬ ወለሉ ላይ
ጠማማ የውሃ መስመር ጥያለሁ፣
ጀማሪ ሾፌር እንደሚያሰምረው።
ይፍሰስ። ግማሹ አለ።

ስልኬ ካልጋው ላይ ጮኸ፤ ዘይነባ ናት፤
ወለምታውን ልትጠይቅ።
ትጥራ።
ገና ስድስት ርምጃ ይቀረኛል።