አምስት ጭረት

ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው
ከባሕር ሥር ያለው ገመድ ተቆረጠ፤
መርከብ ነው አሉ፣ መልሕቁን እየጎተተ
በጭጋግ ውስጥ ስሙን አጥፍቶ ያመለጠ።

ዩዠን እባላለሁ፣ በማጹ ደሴቶች
በምርጫ ቢሮ ውስጥ የማሽን ጠባቂ፤
ሌሊቱን ስክሪን ላይ አፍጥጬ የማድር፣
«ማን ነህ? ከየት መጣህ?» እያልኩ ጠያቂ።

በሩን የሚመታው ብዙ ነው።
አንዱ በአለቃዬ ስም ደብዳቤ ይጽፋል፦
«እባክሽ ይህን ክፈቺልኝ፣ አስቸኳይ ነው።»
አለቃዬ «እባክሽ» ካለ ስንት ዓመቱ!
ሌባ በትሕትናው ሲያዝ ያየሁት ያኔ ነው።

ሌላው በአንድ ትንፋሽ ሺህ ጊዜ ይመጣል፤
የይለፍ ቃል ይገምታል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይገምታል፤
የልጄን ልደት ሞከረ፣ የድመቴን ስም ሞከረ፤
«አንቺ ነሽ የነገርሽው?» ብላት
ድመቲቱ ዐይኗን ጨፈነች።

የጥንቱ ሌባ ሲመጣ ውሻ ይጮኻል፣
ኮቴው ይሰማል፣ አጥሩ ይንኮሻኮሻል፤
ይኼኛው ኮቴ የለው፣ የሚረግጠው ምድር የለው፤
ድምፅ ሳያሰማ ድምፅ ሊሰርቅ የመጣ ነው።

ዐርብ ማታ፣ በተረፈችው ቀጭን መስመር፣
የአዛውንቱ ጻዎ ድምፅ በየስልኩ ዞረ፤
«ማዕበል ስላለ ምርጫው ተላልፏል፣
ከቤት አትውጡ» እያለ መከረ።
ሳሉ የእሱ ነው፣ ሳቁም የእሱ፣
በወላቃ ጥርሱ የሚያመልጠው ፉጨት ሳይቀር።
ጻዎ ግን ያን ሰዓት ከፊቴ ተቀምጦ
የዓሣ ሾርባ ይምግ ነበር።
ማንኪያው ከአፉ ደጅ ቆመ።
«ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይሻላል» አለ።
«ግን ‹ጀልባ› ሲል ሰማሽው? እኛ እንዲያ አንልም።
ባሕር አያውቅም።»
ከዚያ በዝናብ ሞተሩን አስነሥቶ
በየደጁ፣ በገዛ አፉ፣ «ነገ ነው! ነገ ነው!» ሲል አደረ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት።
መማሪያ ክፍሉ በሰው ሞላ፣ ሣጥኑ ተከፈተ።
ጻዎ እያንዳንዷን ወረቀት በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ
ለግራም ለቀኝም አሳይቶ ስሙን ይጣራል፤
አስተማሪዋ ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት ትስላለች።
በአምስት ጭረት የሚሞላ ፊደል አለን፣
ትርጉሙ «ቀና» ነው፤ ያልተጣመመ፣ ያላጎነበሰ።
ልጆች አፋቸውን ከፍተው፣ ዓሣ አጥማጁ ከነቦቲው፣
ሁሉም ይቆጥራል።
ማንም ማንንም አላመነም፣
ስለዚህ ተማመንን።

ሲያልቅ አርባ ሦስት ቀና፣ ከሥሩም አንድ ብቸኛ ጭረት፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት።
ስክሪኑን አየሁ።
ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት።

ደሜ ቀዘቀዘ። በሩን የማውቀው እኔ ነኝ።
በበጋው፣ ልጄ በትኩሳት ባደረች ማግስት፣
እንቅልፍ ዐይኔን እየጎተተው
አንድ ደብዳቤ ከፍቻለሁ፤
«እባክሽ» የማይል፣ ቁጡ፣ ቁርጥ አለቃዬን።
ሌባው ከስሕተቱ ተምሮ ነበር።

ዝም ማለት ይቻል ነበር።
ተነሣሁ። «ስክሪኑ ዋሽቷል፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፤
ግድግዳውን እመኑ» አልኩ።
ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤
ድምፄ ግን የራሴ ነበረ።

ጻዎ ቃል አልመለሰም። ኮቱን ደርቦ ወደብ ወረደ፣
የጀልባዎቹን ሬድዮ ከፈተ፤
ከጀልባ ወደ ጀልባ፣ እስከ ታይፔይ፣
«ሁለት... መቶ... ዐሥራ... ስድስት» እያለ
ከነፋሱ በላይ ጮኸ።
ከወዲያ ማዶ የማይታወቅ ሰው «ድገመው» ሲለው
ደገመው። ደግሞ ደገመው።

ሰኞ ቅጽ መጣልኝ።
የማሽኑ ዓይነት፣ የተገባበት ሰዓት፣
የተቀየሩ ቃላት፣ የተደፈኑ ቀዳዳዎች፤ ሁሉን ሞላሁ።
ከጀርባዬ ማሽኑ ጢው ይላል፤ ዛሬም ያንኳኳሉ።
ከታች አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ «በሩን የከፈተው ማን ነው?»
በእስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ፣
ጭረት በጭረት
ስሜን ጻፍኩ።