የጤፍ ፍሬ ሸክም

በሂዩማ ወደብ፣ ከመጠበቂያው ቤት፣
የእጄን ሥራ ሰዓት ሰቀልኩት በኩራት።
በቀን አራት ሰከንድ ይቀድማል፤ ምን አለ?
በወር ሁለት ደቂቃ ተቆልሎ ዋለ።

አይቬ በማለዳ፣ በጭስ ያደረቀችውን ዓሣ
በቅርጫት ሸክፋ፣ ጉሙን በዳሰሳ
ደረሰች፤ ሰዓቱን አየች፤ «ሄዷል» አለች፤ ዞረች።
ከመንገድ አጋማሽ የጀልባውን ጡሩምባ ሰማች።

ሰሌዳውን ፈታሁ። ክሪስታሉ ደኅና፤
ጥፋቱ ከጎኑ፣ ከሁለቱ ቁና፦
ጤፍ የሚያካክሉ ካፓሲተሮች፣ አሥር አሥር ፒኮ።
ለምን አሥር? መሳቢያው ውስጥ የነበረው እሱ ነው እኮ።

አለቃዬ ማሪካ መነጽሯን ወልውላ፦
«ክሪስታሉ የሚሻው አሥራ ሁለት ተኩል መሆኑን አንብበሃል?»
«አንብቤአለሁ።»
«መዳቡስ? የቺፑ እግር? የሰሌዳው ሆድ?
ሦስት ተኩል አለ፣ ሳትጠራው የመጣ ዘመድ።
እሱን ቀንስና፣ ዘጠኝ ሲቀር፣ እጠፍ፤
ሁለቱ ተከታትለው ሲቆሙ ግማሽ ናቸውና፣ አሥራ ስምንት ጻፍ።»

ቀየርኩ። ልለካው ብዬ እግሩን በመርፌ ስነካ፣
ልቡ ቀጥ አለብኝ፤ መንካትም ሸክም ነው ለካ!
እጄን ሰብስቤ፣ በቺፑ ሌላ እግር፣
ምቱን ስቆጥር አደርኩ፣ ከሳተላይት ሰዓት ጋር።

አሁን ልክ ነው። ባሕሩ በረዶ እስኪሆን፣ በረዶው እስኪቀልጥ፣ ልክ ነበር።
አይቬ ግን ቀና ብላ አታየውም፤
ቅርጫቷን ታቅፋ፣ በሩ ላይ ቆማ፣
ጡሩምባውን ትጠብቃለች።
በሰፈርኩባት ቁና እየተሰፈርኩ ነው፤
አሥር ፒኮ ናት።