የሣጥኑ ቁልፍ

ቁልፉ አልጠፋም ነበር።
ከመሳቢያዬ ውስጥ፣ ከማኅተሙ ጎማ፣ ከስኳር ዕቃው ሥር፣
«ጠፍቷል» እያልኩ ስምል ሦስት ዓመት ሲያድር።

አለኸኝ እባላለሁ፤ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
በሽምብጥ ቀበሌ ጉዳይ የማስተኛ።
ሰው ፋይሉን ፍለጋ በማለዳ ሲመጣ
«ነገ» ብዬ ሸኘሁ፤ ከነገም ነገ ወጣ።

ግድግዳው ይናገራል፣ ደምቋል በቀለሙ፦
«ተገልጋይ ንጉሥ ነው!» ንጉሡ ከነሕመሙ
ከዋንዛው ጥላ ሥር ተራ ይጠብቃል፣
ዙፋኑ ድንጋይ ነው፤ እዚያው ያንቀላፋል።
ኃላፊው ስብሰባ፤ ስብሰባው ሲያበቃ ሌላ ስብሰባ አለ፣
የቆጣሪው፣ የካርታው፣ የልደቱ ጥያቄ ፋይል ላይ ፋይል አዘለ።
እኔ ግን በመስኮት ጣናን አያለሁ፤
ሰው ሰልፉን ሲቆጥር ታንኳ እቆጥራለሁ።

ሰኔ በጠባ ሰሞን ሙሉጎጃም መጣች፤
አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ ንግግር ያላበዛች።
ወንበሯን ከቢሮ አውጥታ በረንዳው ላይ ጣለች፤
ቀና ብላ አየችና፣ «ይሄ ሣጥን?» አለች።
«የአስተያየት ነው።»
«ማን ይከፍተዋል?»
«ቁልፉ ጠፍቷል።»
ዝም።
ወደ ዘበኛው ቤት ሄዳ መዶሻ ይዛ መጣች።

መዶሻው ሳያርፍ እጄ መሳቢያ ገባ፤
«ተገኘ!» አልኩ ጮኼ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው፣ ራሴው ሆኜ ሌባ።

ቀድሞ የወጣ ተርብ ነው፤ ሣጥኑ ሆኗል ቤቱ፤
ከዚያ የማስቲካ ልጣጭ፣ ሎተሪ ከነሽንፈቱ፤
ከዚያ አሥራ ሰባት ወረቀት፣ ሁሉም ታጥፎ ባራቱ።

አንዱን ጮክ ብላ አነበበች። እርሳስ ነው፤ ፈዟል ፊደሉ፦
«ይማም ነኝ፣ ደንገል አጫጅ። ከዓሣ ገበያው ሥር ቱቦው ተደፍኗል በሙሉ፤
ደጃችን ውኃ ተኝቷል፤ ሕፃናት በወባ ይግላሉ፤
አካፋ ብቻ አውሱን፤ ጉልበቱ ከኛ ነው ሁሉ።»
ቀኑ፦ ግንቦት ዘጠኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት።

አስታወስኩት፤ ያን ቀን እጁን በሽርጡ አድርቆ
ከሣጥኑ አፍ ሲከተው፣ ሰው እንደሚያጎርስ፣ ተጠንቅቆ።

መጋዘኑ ተከፈተ።
አሥራ አንድ አካፋ ቆሟል፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተፈታ፣
በየሰኔው የምቆጥረው፣ የምፈርምበት በተርታ።

ይማም ግን የለም። «ታሞ ልጁ ጋ ሄደ፣ ደንቢያ» አሉን ጎረቤቶቹ፤
አካፋውን ተቀበሉን፤ ሌላ ምንም አላሉም ሴቶቹ።
ቆፈሩ። እኔም ቆፈርኩ።
ጭቃ፣ እንቦጭ፣ የጫማ ሶል፣ የመረብ ቅዳጅ።
ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ።
ሁለት ሰዓት።
ሦስት ዓመትን ለሁለት ሰዓት ባካፍል ሒሳቡ ከእጄ አመለጠ፤
ውኃው ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ጣናው ፈረጠጠ።

ዛሬ ቁልፉ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከምስማር ላይ ይታያል፤
ሰኞ ሰኞ ሣጥኑ ሰው ፊት፣ በረንዳ ላይ ይከፈታል፤
ለያንዳንዱ ወረቀት መልስ ከሥሩ ይጻፋል።
ሁሉም ቀና ሆነ አልልም፤ ቧንቧው አሁንም ይነጥፋል፣
የካርታው ሰልፍ ዋንዛውን አልፎ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ቁራጭ ወጣች፤ የማን እጅ እንደሆነ እንጃ፦
«አለኸኝ የሻይ ሰዓቱ ይረዝማል።»
ሙሉጎጃም ወረቀቷን ለእኔ ሰጠችኝ።
ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አነበብኩ።
ከሥሩም መልሱን ጻፍኩ፦
«እውነት ነው።»